ከማቴዎስ የቀረኝ እንቦጭ

ቅዳሜ

ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል። ብዕሩን የያዝኩት በግድ ነው። ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ እንቦጭ ስነቅል አረፈድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስምንት ነበርን። የዓሣ አስጋሪዎቹ ሽማግሌ አቶ ሀሜሶ ዛሬም አላሳረፉንም።

«ቅጠሉን አትበጥሱ፣ ከሥሩ ነው። ቁራጩ ተመልሶ ይበቅላል። ዳር ላይም አትከምሩት፣ ዝናብ ጠርጎ ይመልሰዋል።»

በጆንያ ተሸክመን ራቅ አድርገን ጣልነው። ወገቤን ቆርጦኛል።

ውሃ ስንጠጣ አቶ ሀሜሶ አንድ ነገር ተናገሩ። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚወርደው ቦይ አፍ ላይ አዲስ ቡቃያ አግኝተዋል። «ለአበባው ብሎ ቤቱ የሚያሳድግ ሰው ሳይኖር አይቀርም» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የማሳድገው እኔ ነኝ።

እሑድ

ለሰው ያልነገርኩትን ለደብተር ልንገር። ባሌ ማቴዎስ ነው በዓሣ ባልዲ ያመጣው፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው። ጀልባውን አስሮ መጣና «ሐይቁ አበባ ማብቀል ጀመረ» አለኝ። ያኔ በሰፈራችን ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ግማሽ በርሜል ውስጥ ጣለው፣ ብዙም ሳይቆይ ሐምራዊ አበባ አወጣ።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ጃኬቱን ለወንድሙ ሰጠሁ። ጀልባው ተሸጠ። ልጅ አልወለድንም። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፣ ግን ፎቶ አያድግም። በርሜሉ ውስጥ ያለው ግን ያድጋል፤ ባበበ ቀን ማቴዎስ በበሩ የሚገባ ይመስለኛል። ናፍቆቱ ይቀልልሻል ብለውኝ ነበር። ለመድኩት እንጂ አልቀለለኝም።

ደግሞ እናቱ አሉ፣ እማማ አየለች። አብረን ነው የምንኖረው። በየጠዋቱ በርሜሉ አጠገብ ይቀመጣሉ። በየቅዳሜው ውሃውን ይቀይሩለታል፤ አሮጌውን ውሃ አቧራ ኖረም አልኖረም በር ላይ ይደፉታል። ከበር ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ሐይቅ። እስከ ትናንት ድረስ አስቤው አላውቅም።

ሰኞ

ባህል አዳራሽ አጠገብ ከምሠራበት ፎቶኮፒ ቤት ስመለስ፣ ከበራችን ተነስቼ ቦዩን ተከትዬ ወረድኩ። ድልድዩ ሥር ሦስት ቡቃያ። ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ አንድ ምንጣፍ የሚያህል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና እየነቀልኩ ፌስታል ሞላሁ። አንዱ አላፊ «እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ቀለበት» አልኩ። ውሸት በውሸት ላይ።

ቅዳሜ የነቀልኩትን በሳምንቱ መልሼ ስዘራ ኖሬያለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። እማማ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው በሲዳምኛ የሆነ ነገር ያንጎራጉራሉ። አፌን ከፈትኩና «ቁርስ ላቅርብልዎት?» አልኩ። ፈሪ።

እናት የልጇ እጅ ያመጣውን የመጨረሻ ነገር እንንቀለው ትባላለች? ለነገሩ እኔስ እችላለሁ? ይህ ከተነቀለ ከእሱ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር ቤታችን ውስጥ አይኖርም። እንቅልፍም እንጃ።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። የቦዩን፣ የአቶ ሀሜሶን፣ የሳቄን፣ ሁሉንም። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

እማማ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የማቴዎስን መረብ የጨረሰ ነው» አሉኝ። «በመጨረሻ ጊዜው በዓሣ ፋንታ ይሄን ተሸክሞ ነበር የሚገባው። እኔ ይሄን ተክል ሳይ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ውሃ ሲቀይሩለት ኖሩ?»

«አንቺ ስታዪው ፊትሽ ይፈታል። ልጄን አጣሁ፣ አንቺን ደግሞ ልጣ? ይሄ ከደረቀ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ ደግሞ ለእርሳቸው ብዬ ነበር የማልነካው። ግማሹ ለእርሳቸው፣ ግማሹ ለራሴ፣ እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር። አለቀስን፣ ሳቅን፣ እንደገና አለቀስን። የትም አልሄድም አልኳቸው።

ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። አብረን ነቀልነው። «ከሥሩ ነው እማማ» ብላቸው «የዓሣ አስጋሪ እናት ልታስተምሪ ነው?» አሉኝ። ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ እናቃጥለዋለን። ውሃውን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው፣ ቦይ እንዳይደርስ።

አንዱ አበባ ገና አልፈነዳም ነበር። እጄ ለማስቀረት ሄደ። እማማ አዩኝ። ከሌሎቹ ጋር ጣልኩት።

ዓርብ

ደርቆ አላለቀም፣ ደመና ነው። ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባዶው በርሜል ነው። ዛሬ መጻፍ አልፈልግም።

ቅዳሜ

ሐይቁ ዳር፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ለአቶ ሀሜሶ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ማቴዎስ ነው ያመጣልሽ?» አሉና ወደ ውሃው ዞር ብለው ቆዩ። «እኔም ለባለቤቴ ወስጄላት ነበር። ደግነቱ ፍየል በላው።»

ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይም ነገሩኝ። ቦያችንን በየሳምንቱ መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆኗል። እንደገና ብቅ ይበል አይበል የሚያውቅ የለም።

ቤት ስደርስ እማማ ባዶውን በርሜል ገልብጠው ተቀምጠውበታል። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ናፈቀኝ» አልኩ። ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር።

«እኔንም» አሉ።

ዝናቡ እስኪጀምር ድረስ አልተነሳንም።