ቀዩ እስክሪብቶና የአባታቸው ወንበሮች

በማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ቀዩ እስክሪብቶ» በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ።

በ12 ዓመታቸው የሚጥል በሽታ ጀመራቸው። ትምህርታቸውን ግን አላቋረጡም፤ ክፍል ውስጥ ወድቀው ሲነሡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ደብተራቸውን ነበር። በ1976 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት በወረቀት ቆራጭነት ተቀጠሩ። ማሽኑ አጠገብ በወደቁ ማግስት ወደ እርማት ክፍል ተዛወሩና ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ስሕተት ለቀሙ። እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክም ስንቱን አርመዋል። «ሟች ሁሉ ሰው ወዳድና ተጫዋች ነው፤ ያ ሁሉ አኩራፊ የት ነው የሚቀበረው?» ይሉ ነበር። ስለዚህ ተጫዋች ነበሩ ብለን አንዋሽባቸውም።

ትዳር አልያዙም። አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ አጭተው ነበር፤ ቤተሰቦቿ ሕመማቸውን ሲሰሙ ነገሩ ቀረ።

በ1995 ዓ.ም. ወድቀው ግንባራቸው በወንበር ጠርዝ ተተረተረ። ይህን የጻፈችው ታላቅ እህታቸው የዚያኑ ዕለት አባታቸው የሠሯቸውን አራት ወንበሮች ከክፍላቸው አውጥታ እቃ ቤት ከተተች፤ የበሩንም መቀርቀሪያ ነቀለች። ለደኅንነታቸው ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሁሉ በሩን ገፋ አድርጎ «ዛሬስ አልወደቅክም?» ይላል። «አልወደቅሁም» ይላሉ። «ተመስገን» ብሎ ይሄዳል። መቀመጫ የለማ። እህታቸውም እንደዚያው ታደርግ ነበር።

ኋላ መድኃኒቱ ተስማማቸውና ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይወድቁ ቆዩ። ቤተሰቡ ተደሰተ። እርሳቸው ግን ምግብ እምቢ አላቸው፣ ጠዋት መነሣት አቃታቸው፣ ጋዜጣ እንኳ ማንበብ ተዉ። እህታቸው ስንፍና መስሏት «አሁን ደህና ሆነህ ምን ጎደለህ?» ብላ ተቆጣቻቸው። እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

በ2005 ዓ.ም. አንዲት ሐኪም ስለ መውደቃቸው ሳይሆን ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ሆዳቸው ሐዘን ጠየቀቻቸው። ወንድማችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሱ። «ስወድቅስ ሰው ይሰበሰባል፤ የከበደኝ ቆሜ የምውለው ነው» አሏት። ሐኪሟም ድባቴ የሚባለው የመንፈስ ሕመም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች እንደሚይዝ፣ ከመገለል ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከአንጎል ሕመሙም ሊመጣ እንደሚችል፣ ደግሞም እንደሚታከም አስረዳቻቸው። ሕክምናውን ጀመሩ።

እህታቸው ይህን ከእርሳቸው ሰምታ በማግስቱ ሁለቱን ወንበሮች ጠርዛቸውን በጨርቅ ጠቅልላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብራቸው ትቀመጥ ነበር። ብዙ አያወሩም፤ ጋዜጣ ይዘው ስሕተት ያሳዩዋታል። ሌላው ሰው ግን በር ላይ መቆም ለምዶ ቀርቷል።

በሳንባ ምች ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው አረፉ። እህታቸውንና ሁለት የእህት ልጆቻቸውን ትተዋል።

ዛሬ ሊሸኛቸው የመጣው ሰው ስለበዛ በቤቱ ያለው ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተውሰናል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው አጠገባቸው ሰው የሚቀመጥበት ማረፊያ ይስጥልን።