የእትዬ ደብሬ ድንች በዳቦ ትሪ ላይ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12:30
ድንቹ እየተቀቀለ ነው። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተኝቷል። እንጅባራ የለችም፤ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። እትዬ ደብሬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጉሙን ታያለች።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ፣ ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ድንች በዳቦ እየሸጠች ያስተማረችኝ። ክረምት ላይ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ እኔ ጋ ናት።

አትበላም። ዳቦው ግራ እጇ ላይ ይፈርሳል፣ ድንቹ ቀሚሷ ላይ ይወድቃል። ላጉርስሽ ስላት ፊቷን ታዞራለች። ትናንት «ሕፃን አይደለሁም» አለች።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ደብተሬ። ያንኑ ዳቦና ድንች ትሪ ላይ ደርድሬ፣ እንቁላልና ወተት አፍስሼበት ብጋግረውስ? በማንኪያ ይበላል። ማንም አያጎርሳትም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ሞከርኩ። ከታች ዳቦ፣ ከላዩ ድንች በሽንኩርት፣ በእርድ፣ በቃሪያ። ትንሿ ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት። ደረቀ! ጎረቤቴ መ/ርት ሙሉ ቀምሳ ኬክ ነው ወይስ ጣሪያ ብላ ጠየቀች። ሳቅን። እትዬ አልሳቀችም፣ አልቀመሰችም።

ኦቭኑ ፊት እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ዳንግላ ነኝ። ከት/ቤት ወጥቻለሁ፣ አውቶቡሶቹ ይጮኻሉ፣ እሷ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ትዘረጋልኛለች። እጇ ይሞቃል። ስነቃ ሽታው እዚሁ ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ወተት አበዛሁ። መሃሉ ገንፎ ሆነ። እልህ ያዘኝ። አለቀስኩ፣ ትንሽ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ
ጠራችኝ! ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ደግፌ ኩሽና አስገባኋት፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቃሏ ይጎተታል፣ ግን ትእዛዝ ነው። የዛሬ ዳቦ አይሆንም፣ ያደረ ይሁን። ወተቱን እስኪጠጣ ተይው። ክደኚው። የቃሪያውን ፍሬ ላወጣ ስል «የሆስፒታል ምግብ አታድርጊብኝ» አለች። ድንቹን በግራ እጇ ራሷ ደቆሰችው፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ህልም ውስጥ እንዳለ ሰው።

ሲወጣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ማንኪያውን አጠገቧ አስቀምጬ ዞር አልኩ፣ እንዳላያት። የማንኪያው ድምፅ ተሰማኝ። እንደገና። እንደገና።

ጨው አንሶታል አለች። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ወቀሳ የለም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ከቤ/ክ ስመለስ ለብሳ ጠበቀችኝ። ወደ ቤቴ ልሂድ አለች። ዳንግላ።

«በዚህ እጅ?» አልኳት።

«በዚያኛው» አለች፣ ግራዋን አንስታ።

ተከራከርን፣ ሳንጮህ። ልታስተምሪ ስትሄጂ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነኝ አለችኝ። እዚያ ሰው ያልፋል፣ ስሟን ይጠራል። ለካ እኔ ያሰብኩት ስለ ምግቡ ብቻ ነበር።

እሷ አሁን ተኝታለች፣ ጸሐይ እግሯ ላይ። ቆርጫለሁ። ነገ ለትምህርት ጽ/ቤት ወደ ዳንግላ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ብዙ አልጽፍም፦ ከእህቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።