ለአባባ የላክኸው የብስክሌት መሪ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካህ ቁጥር የሚነሳብህ ጉሮሮህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም እንደ ልማድህ "ምንም አይደል" እያልክ ትስላለህ? ባለቤትህ እንዴት ሰነበተች? ትንሿስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብላችሁን ነበር፤ አዲሱ ብቅ አለ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ይህን የምልህ ግን ለወጉ ያህል ነው፤ ዛሬ ከወጉ ያለፈ ወሬ ስላለኝ ሥራህን ጨርሰህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትል። አንተ ስትደውል አባባ ስልኩን ድምፁን ለቀው ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጡታል፤ እማዬ ከወጥ ቤት ታዳምጣለች፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ሥር ሆኜ እጮሃለሁ፣ ጎረቤትም ካለ ሰላምታውን ይወረውራል። በዚያ ስልክ የሆድ የሆድን ማውራት አደባባይ ላይ ቆሞ ልብስ እንደመቀየር ነው።

ነገሩ ለአባባ የላክኸው የብስክሌት መሪ ነው። ያ ጥቁሩ፣ ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመው፣ እሱን ከብስክሌቱ ጋር ከሚያያይዘው ረጅም ብረት ጋር አብሮ የመጣው። ሳይክል ሠሪው ያንን ብረት አንገት ይለዋል። እሽጉ የተፈታበትን ቀን አልረሳውም። አባባ ጎረቤት ጠርተው፣ "ልጄ እኮ ነው! ልኬን ሳይጠይቀኝ አውቆ!" እያሉ በዚያው ቀን አስገጠሙት። እውነትም ልካቸውን አውቀህ ነበር። ግን ያወቅኸው ስትሄድ ትተሃቸው የሄድከውን አባባን ነው፤ ለፋብሪካው ክለብ ይወዳደሩ የነበሩትን፣ ደረታቸውን ብስክሌቱ ላይ ለጥፈው ያንን ሁሉ ዳገት የሚወጡትን። እኛ አጠገባቸው ሆነን ያላየነውን አንተ ከዚያ ከየት ታየዋለህ? አልፈርድብህም።

እኔ የነቃሁት በኮት ነው። አዲስ ኮት ሰፍቼላቸው ሳስለካቸው፣ ከኋላ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከፊት ተንጠለጠለ። ይህ በእኛ ሥራ የታወቀ ነው፤ ጨርቁ ምንም አልሆነም፣ ጀርባው ነው የጎበጠው። የሌላ ሰው ቢሆን "ጋሼ፣ ከኋላ ትንሽ ልጨምርልዎ" ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። የአባት ጀርባ ሲሆን ግን መቀሱም እምቢ ይላል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተና እጃቸውንም አየሁ። ከብስክሌት ሲመለሱ ጣታቸው ደንዝዞ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እማዬ ናት የምትፈታላቸው። ብርጭቆ ሲያመልጣቸው "ብርጭቆ ሻጩስ ምን ይብላ?" ብለው ይስቃሉ። አብረን እንስቃለን።

ቀስ እያሉ መውጣቱንም ቀነሱ። ዛሬ ነፋስ ነው፣ ነገ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ከነገ ወዲያ ጎማው ተንፍሷል፤ ሰበብ መቼም ሞልቷል። እሑድን ግን ፈጽሞ አይቀሩም፤ ለአንተ ፎቶ የሚላከው እሑድ ነዋ!

ታዲያ አንድ እሑድ ክር ልገዛ ስወጣ ከድልድዩ ማዶ አየኋቸው። ሄልሜታቸውን አድርገው፣ ያን ጠባብ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ይሄዳሉ። ጎማው ተንፍሶ ይሆናል ብዬ ላግዛቸው ስል አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። ሰዓታቸውን አዩ። አላፊ አግዳሚውን እያዩ ቆዩ። ደግመው ሰዓታቸውን አዩና ተነስተው እየገፉ ተመለሱ። ከሰፈራችን መታጠፊያ ሲደርሱ ነው ብስክሌቱ ላይ የወጡት። እማዬ ከበር ላይ "ዛሬስ እስከየት ደረሱ?" ስትላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እስከ ወፍጮው።" አንተ "አባባ ወጣቱ!" እያልክ የምትመልስላቸው ፎቶዎች እንዲህ ነው የሚነሱት፤ አንሺዋም እኔ ነኝ።

በማግስቱ እማዬ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ "አባትሽን ትሰልዪ ጀመር?" ብለው ተቆጡ። ከአጠገባቸው አልነሳም ስል ነገሩኝ። መሪው ይርቃቸዋል፣ ደግሞም ዝቅ ያለ ነው፤ ተንጠራርተው ሲይዙት ክብደታቸው በሙሉ መዳፋቸው ላይ ያርፋል። አንገታቸውም እንደ ድሮው ቀና አይልላቸውም። አንድ ቀን ከፊታቸው የቆመ መኪና ሳያዩ ሊላተሙ ለጥቂት ነው የተረፉት። "ታዲያ ለምን አያስቀይሩትም?" አልኳቸው። "ልጄ የላከልኝን ነቅዬ?" አሉ። "እሱ የሚያውቀኝ በዚህ ልክ ነው። አባትህ አጠረ፣ ጎበጠ የሚል ወሬ ቢደርሰው በሰው አገር እንዴት አድርጎ ይሠራል? ተይው፤ እሱ የሚያውቀው አባት ይኑረው።"

አንጀቴን በሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ፍንክች! በመጨረሻ ምን አልኩ መሰለህ? "እሺ፤ እኔም ከእንግዲህ ውሸት አላነሳም። ፎቶ ቀረ!" አልኩ። እዚህ ላይ ደነገጡ። ፎቶው ከቀረ አንተ መጠየቅህ አይቀርማ። "ለወንድምሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ" ብለው እሺ አሉ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። መጻፍ ሌላ ነው።

ቀስ በል የምንለውን ሳይክል ሠሪ ታስታውሰዋለህ? ብሎን ሲፈታ እንኳ ራሱን "ቀስ በል፣ ቀስ በል" የሚለውን? እሱ ጋ ወሰድኳቸው፤ ብስክሌቱን ማለቴ ነው፣ አባባንም ጭምር። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀስ በል እጅ እንዳያንሸራትት መሪው ላይ የሚጠመጠመውን መጠቅለያ ላጠው፣ የፍሬኑን መያዣዎች አላቀቀ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ የአንተን መሪ አወጣና በሁለት እጁ ለእኔ አቀበለኝ። ብርሃኑ ሲያርፍበት እንዴት ያምራል! እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔም መሬት ላይ ላስቀምጠው አሳሳኝ። ከዚያ አንገቱን አወጣና አጭርና ቀና ያለ ሌላ አንገት፣ ጠበብ ካለ መሪ ጋር ገጠመ። አለቀ ስንል መሪውን ወደ ግራ ቢያዞረው ፍሬኑ ማንም ሳይነካው ጎማውን ያዘ። ለካ መሪው ከፍ ሲል ካቦው፣ የፍሬኑ ሽቦ፣ አጥሮ ኖሯል! ረጅም ካቦ ተፈልጎ እስኪገባ ድረስ ሰዓቱ ነጎደ።

የመጨረሻው መጠቅለያው ነው። ቀስ በል "አንቺ የጨርቅ ሰው ነሽ" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ከላይ፣ ከመሃሉ ጀመርኩ። አባባ ከበርጩማው ብድግ አሉ። "ከጫፉ ነው የሚጀመረው! ከላይ ከጀመርሽው መዳፍ እየገፋ ይገለብጠዋል። ማን ነው ልብስ ሰፊ ያደረገሽ?" ብለው ነጠቁኝ። በእነዚያ የደነዘዙ ጣቶቻቸው አንዱን ዙር በሌላው ላይ እያስተኙ፣ እየወጠሩ፣ እስከ ላይ ጠቀለሉት። ላግዝ ያለ ሰው አልነበረም። እኔ እንባዬን እያበስኩ ነበር፤ ቀስ በል ደግሞ እኔን ላለማየት የጠረገውን የብሎን መፍቻ መልሶ ይጠርጋል።

ከሱቁ ወጥተው ብስክሌቱ ላይ እንደወጡ ሄዱ። ዞር ብለው ይመጣሉ ስንል ቀሩ። ቤት ገባሁ፤ የሉም። እማዬ በር ላይ ቆማ እኔን ትረግማለች፤ እኔም ያን ሊላተሙት የነበረውን መኪና እያሰብኩ እስከ መታጠፊያው እመላለሳለሁ። ምሳ ከቀዘቀዘ በኋላ መጡ። "እስከየት ደረሱ?" አለች እማዬ። "እስከ ወፍጮው" አሉ፤ ጫማቸውን ባየው ዱቄት ለብሷል! ገብተው ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጋር ሲጫወቱ ነው የቆዩት። "ለካ መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው አለበት" አሉኝ፣ "እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የፊት ጎማዬን ብቻ ነበር የማየው።" የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ፈቱ። ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ግን ራሳቸው ፈቱ።

አሁን ባለፈው እሑድ የደረሰህ ፎቶ ለምን ከደረት በላይ ብቻ እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም። "መሪው እንዳይገባ" እያሉ ነው ያስነሱኝ። አንተ ግን አደራህን፣ አልተመቻቸውም ብላችሁ ለምን አልነገራችሁኝም እያልክ ራስህን አትብላ። ሌላ እልካለሁ ብለህም እንዳትነሳ። የአንተን መሪ በሻርፓቸው ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጠውታል፤ አቧራ እንዳይነካው እየወጡ የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ከሱቁ ከመውጣታቸው በፊት ለቀስ በል ምን እንዳሉት ልንገርህ። "ልጄ የሚመጣ ቀን ማለዳ እመጣለሁ። ያንን መሪ መልሰህ ትገጥምልኛለህ።" ቀስ በል እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። "እሺ አባባ" አላቸው።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ "ከስቷል፣ የሚበላውን ይብላ" ብላለች። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ የመርፌ ስብስብ ዋጋው በሥራዬ እየታየ ነው በላት። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ለአሻንጉሊቷ የሰፋሁትን ቀሚስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ቀስ በልም ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን አይተዋል፣ ምን እንደምጽፍ ግን አያውቁም፤ "ደህና ናቸው፣ በርትተዋል በይልኝ" ብለውኛል።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ ወንድም ጋሼ። ስትመጣ ቀኑን ለማንም አትንገር፤ ለእማዬም፣ ለእኔም። ካወቁ ያን ጥቁር መሪ አስገጥመው፣ ጀርባቸው እያመማቸው፣ ተለጥጠው ሊቀበሉህ ይወጣሉ። ሳይሰሙ ድንገት ናና በሩን አንኳኳ። አሁን ያሉትን አባባን ተዋወቃቸው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ
ረቡዕ፣ መጋቢት 12 ቀን