የአባትሽ ሰንጋ ፎቶግራፍ

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለጵርስቅላ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ፣ በቆሎውና ጭቃው ሁሉ፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

በነርሶች ትምህርት ቤት የምታሳድጓት ድመት ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ትራስ ላይ ተኝታ! እዚህ ብትመጣ አይጦቻችን አዝለው እሹሩሩ ይሏት ነበር። አሁን ደግሞ የእኛን ተመልከቺ። ይህ ተራራ እንዳይመስልሽ፤ አባትሽ ለመስቀል የሚያደልበው ሰንጋ ነው። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ቢሄድ አልበቃው ብሎ ጭራው ውጭ ቀርቷል። ቀንዱን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ከሞርሲቶ ድረስ ሰው ሊያየው ይመጣል።

አባትሽ ወንበር ላይ የተቀመጠው ፎቶ አንሺው ስላዘዘው ነው። ኮቱ የሰፋው ደግሞ ፋሽኑ እንዲያ ስለሆነ ነው። ገመዱን የያዝሁት እኔ የሆንሁት መልኬ ለፎቶግራፍ ስለሚያምር ነው። ሰሞኑን ሣሩንም የማጭደው እኔ ነኝ፤ እርሱ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ያዝዘኛል። «ባፈና! እርጥብ ሣር አትስጠው፣ ሆዱን ይነፋዋል!» ይለኛል።

ትናንት «ሰንጋውን ልጄ ሳታየው እንዳይታረድ» አለኝ።

«ለመስቀል ትመጣ የለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መስቀል ሩቅ ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ ሰንጋው የሚያምረው አሁን ነው። ስለዚህ መስቀልን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ከኃላፊሽ ፈቃድ ጠይቂ። በሬ ለማየት ነው የምሄደው በያት። ትሳቅብሽ፤ ብቻ ትልቀቅሽ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ ባፈና