ደወል ሲሰማ የሚቆም ፈረስ

ውድ ሸሪፋ፣

ባለፈው ሰኞ ወንድምሽን ጀላልን ሰኞ ገበያ አገኘሁት። ሽንኩርት እየመረጥሁ ሳለ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ሁለታችንም ሸብተናልና ለመተዋወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብን። ስለ ልጆቹና ስለ ወገቡ ሕመም ካወራን በኋላ ልንለያይ ስንል፣ «ሸሪፋ ከባቲ ተመልሳ ኮምቦልቻ ገብታለች። ባሏ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው፤ ከትልቋ ልጇ ዘንድ ነው ያለች» አለኝ። ከዚያ ሳቅ እያለ ጨመረበት። «ደግሞ ስለ እርስዎ ጠይቃኛለች፤ ‹ያ የደወሉ ሰውዬ አለ ወይ?› ብላ።»

አለሁ። ሽንኩርቱን እዚያው ረስቼው በእግሬ እስከ ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ መጣሁ። ቤቴ ገብቼ ከመደርደሪያው ግርጌ አንድ የቆየ ደብተር አወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልነገርሁሽ ነገር በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፏል። ነገሩን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ። ታውቂኛለሽ፣ ዘልዬ መጻፍ አይሆንልኝም።

ጊዜው ኅዳር 1968 ነበር። አዲስ አበባ ለእሽቅድምድም የሠለጠነ አንድ ዳማ ፈረስ ከአንድ ባለርስት ቤት ተወርሶ ለትምህርት ቤታችን የእርሻ ክፍል ተሰጠ። ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱን ዓመት ጃንሜዳ ሲሮጥ ኖሯል። የእርሻ ክፍላችን ደግሞ ከጎመንና ከስድስት ዶሮዎች በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፈረሱ በአጥሩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፤ ሁልጊዜም ወደ ግራ ብቻ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣሩን ፍቆ ክብ መንገድ አወጣ። የሒሳብ ትምህርት እየሰጠሁ በመስኮት ሳየው ያ ክብ በኮምፓስ የተሠመረ ይመስለኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ «ማን ይረከበዋል?» ብለው ሲጠይቁ እጄን ያወጣሁት ለዚያ ክብ ስል ነው። እንኳን ፈረስ፣ በቅሎ ላይም ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ሰው ጠይቄ አባትሽ ዘንድ ደረስሁ። ከደሴ ወጥቶ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ጋሽ እንድሪስ በደጃፋቸው ተቀምጠው ፈረሱን ካዩት በኋላ፣ «ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ፈረስ የምትይዝ እሷ ናት» ብለው በአገጫቸው ወደ ጋጣው አመለከቱኝ። አንቺ ድርቆሽ አቅፈሽ እየወጣሽ ነበር። ፈረሱን ዞረሽ አየሽው፤ ኮቴውን አንሥተሽ አየሽ፤ ጥርሱን ገልጠሽ አየሽ። እኔን አላየሽኝም።

«ስሙ ማነው?»

«መብረቁ ይላል፣ ወረቀቱ ላይ።»

«መብረቅ ብለው እየጠሩት እንዴት ይረጋ? አያ ዳማ ይባል።»

በዚያው አያ ዳማ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ጋጣ ስላልነበረው እናንተ ዘንድ አደረ፤ እኔ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ይህን ደብተር ይዤ መጣሁ። እንደ ክፍል ትምህርት ዕቅድ ሠንጠረዥ ሠርቼለታለሁ፤ ሳምንት አንድ እርምጃ፣ ሳምንት ሦስት ሶምሶማ፣ ሳምንት ስምንት ወደ ቀኝ መዞር። አንቺ በትከሻዬ ላይ አጮልቀሽ አይተሽ፣ «መምህር፣ ይኸን ፈረሱ ራሱ ያነበዋል ወይስ እርስዎ ያነቡለታል?» አልሽ። ጋሽ እንድሪስ ከደጃፉ ሆነው ሲስቁ ሰማኋቸው።

ወደ ቀኝ መዞሩን ለማስተማር ሁለት ወር ፈጀብን። «ይህ ፈረስ ቀኝ የለውም» ትዪ ነበር። አንቺ በስተቀኙ ቆመሽ ገብስ ታሳዪዋለሽ፤ እሱ ገብሱን ለማግኘት በግራ በኩል ሙሉ ክብ ዞሮ ይመጣል። አንድ ቀን በድንገት ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ፈረሱ በቀኝ ሄደ፣ እኔ በግራ ቀረሁ። ከጭቃው ላይ ዓይኔን ስገልጥ አንቺ ከላዬ ቆመሻል።

«እንግዲህ መሬት የተጋደመ ሰው አንቱ አይባልም» አልሽ። «ተነሣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ሆንሁ። ማታ በደብተሬ ላይ «የመጀመሪያ መውደቅ፤ ጉዳት የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ሳነበው እርማት የሚያስፈልገው ሆኖ አገኘሁት።

ጥር ላይ ያደረገንን አትረሺውም። ኮቴውን ለማስሞረድ በሰኞ ገበያ በኩል ሳልፍ አንድ ሰው ጃንጥላ ዘረጋ። አያ ዳማ የጃንሜዳው ጊዜ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ሽምጥ ወጣ። ልጓሙን በሁለት እጄ ብስብም አልቆመልኝም። የሸክላ ሻጯን የገበያነሽን ማሰሮዎች አልፎ፣ በርበሬውን አልፎ፣ ሰዉን ሁሉ ግራና ቀኝ ከፍሎ ዳገቱ ሲያደክመው ነው የቆመ። ገበያነሽ የተሰበረ የማሰሮ አፍ ይዛ ተከትላኝ መጣች። «ምነው መምህር! ልጅን አትሩጥ ማለት ነው እንጂ የሚያውቁ፣ ፈረስን አትሩጥ ማለት አያውቁም?» አለችኝ።

ጋሽ እንድሪስ ይህን በሰሙ ጊዜ ቁርጡን ነገሩኝ። የማይቆም ፈረስ ከግቢያቸው አይወጣም። አንቺ ደግሞ መላውን ነገርሽኝ። «ፈረስ በብረት አይቆምም፤ በድምፅ ነው። ልጓሙን ላላ አድርገህ ‹በቃ፣ ወንድሜ› በለው። ድምፅህን ይልመደው።»

ሞከርሁ። ለስድሳ ተማሪ የሚበቃ ድምፅ ነበረኝ፤ አንቺ አጥሩን ተደግፈሽ እያየሽኝ «በቃ፣ ወንድሜ» ልል ስል ግን ቃሉን ውጬ ልጓሙን እስባለሁ። ለፈረሱ የምናገረው ቃል ሁሉ አንቺ ጆሮ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ከወጣ ሌላውም ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አንዲት የእጅ ደወል አመጣሁ። ትምህርት ቤቱ የመኪና ቸርኬ ሰቅሎ መደወል ከጀመረ ወዲህ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች፣ የእንጨት እጀታ ያላት የነሐስ ደወል ናት። ደወሉ ሲሰማ መቆም፤ ሲቆም አንድ ጭብጥ ገብስ። በሦስት ወር ውስጥ አያ ዳማ ከሽምጥ ግልቢያ ላይ ደወል ከሰማ አራት እግሩን ተክሎ የሚቆም፣ ከዚያም አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ገብሱን የሚጠብቅ ሆነ። እኔ በኩራት አበጥሁ። አንቺ ግን አላደነቅሽልኝም።

«ቆሟልስ ቆሟል» አልሽ። «ለአንተ ግን አይደለም የቆመ።»

በሰኔ ላይ ለአብዮት በዓል ኮምቦልቻ ላይ የፈረስ እሽቅድምድም እንደሚደረግ ተነገረ። የስፖርት መምህራችን ሞላልኝ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። ደንቡን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ ሰጠኝ። ሰባት ፈረስ፣ አምስት ዙር፣ ማስጀመሪያው ቀይ ባንዲራ። በደብተሬ ላይ ገለበጥሁት። በዚያው ምሽት የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ያን ያልነገርሁሽን ነገር ጻፍሁ፤ «ካሸነፍን ወደ ጋሽ እንድሪስ ሽማግሌ እልካለሁ።» ከሥሩም የሦስት ሰዎች ስም ዘረዘርሁ። አንድ አስተማሪ፣ በዚያ ላይም ገና ፈረስ የሚማር፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ በእጁ አንድ ነገር ሊኖረው ይገባል ብዬ አሰብሁ። መጀመሪያ ፈተናው፣ ከዚያ ውጤቱ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አባርቶ አንቺ የአያ ዳማን ጋማ እያበጠርሽ ነበር። ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «ከባቲ ሽማግሌ መጥቷል» አልሽ።

«ለማን?»

«ለፈረሱ!» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «አባቴ መልሱን እስከ መስከረም አቆይቶታል።»

«ለምን አቆዩት?»

ማበጠሪያውን ይዘሽ ዞርሽ። «ወላሂ፣ አንተን ማን ነው አስተማሪ ያደረገህ?»

«ከውድድሩ በኋላ እንነጋገራለን» አልሁ።

«ከውድድሩ በኋላ» ብለሽ ደገምሽው፤ ድምፅሽ የቃል ጥናት እንደሚደግም ተማሪ ነበር። ወደ ጋማው ተመለስሽ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞላልኝ መጥቶ ደወሏን ለበዓሉ አውሰኝ አለኝ። ሰልፈኛ ተማሪዎችን ለመሰብሰብ መሰለኝና ሰጠሁት። ሸሪፋ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ተማሪዎቼን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ ስል የኖርሁ ሰው ያን ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

መስከረም ሁለት፣ 1969። የኮምቦልቻ ሜዳ ሣሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሰዉ ዙሪያውን ከቦታል። ጋሽ እንድሪስ በወንበር ተቀምጠዋል፤ አንቺ ከኋላቸው ቆመሻል፤ ቢጫ ሻርፕ ለብሰሽ ነበር። ባንዲራው ሲወርድ አያ ዳማ ወጣ። ይህን ልንገርሽ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያች ሰዓት ሆኜ አላውቅም። በሁለተኛው ዙር መራን። በሦስተኛው ከኋላችን ያሉትን ኮቴዎች መስማት አቆምሁ። አራተኛውን ስንጨርስ ሃያ ርምጃ ያህል ቀድመን ነበር፤ እኔ በልቤ የሦስቱን ሽማግሌዎች ስም እየጠራሁ ነው። ያኔ ሞላልኝ የመጨረሻው ዙር መሆኑን ሊያበስረን ደወሏን ከፍ አድርጎ መታ።

አያ ዳማ አራት እግሩን ተከለ። እኔ በአንገቱ ላይ ተንጠለጠልሁ። አንገቱን አዙሮ ገብሱን ጠበቀ። ሞላልኝ ፈረሱ የደነገጠ መስሎት ሊያነቃቃው ይበልጥ እየደጋገመ ደወለ፤ እሱ ይበልጥ ቆመ። ስድስቱም ፈረሶች አለፉን። ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ «እረፍት ወጣ! ፈረሱ እረፍት ወጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ያኔ መፍትሔው አንቺ የነገርሽኝ ብቻ ነበር። ድምፄን ቢያውቀው ኖሮ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ግን በተረከዜ ጎኑን እመታዋለሁ።

አንቺ ገመዱን አልፈሽ ሜዳው ውስጥ ገባሽ። ያ ሁሉ ሰው እያየሽ ነው። ከሻርፕሽ ጫፍ የቋጠርሽውን ገብስ ፈትተሽ በመዳፍሽ ሰጠሽው።

«አትምታው» አልሽኝ። «እሱ የተማረውን ነው የሠራ። ደወል ሰማ፣ ቆመ። ገብሱን ይብላ።» ከዚያ ቀና ብለሽ አየሽኝ። «አንተስ በሺር? አንተ የምን ደወል ነው የምትጠብቅ?»

በስሜ የጠራሽኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም መልስ ሰጠሁሽ። «የመጨረሻ ዙር ደወል በደንቡ ላይ አልተጻፈም ነበር» አልሁሽ።

«ይሁን» አልሽ። መዳፍሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ወደ አባትሽ ተመለስሽ።

በዚያው ሳምንት ለባቲዎቹ መልስ ተሰጠ። ለኅዳር ሠርግሽ ተጠርቼ ነበር፤ የፈተና ወረቀት አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። በዚያ ሰሞን ግን ያረምሁት ወረቀት አልነበረም።

አያ ዳማን ቀበሌው ከትምህርት ቤቱ ወስዶ ኮምቦልቻ ላለ ፈንታሁን ለሚባል ባለጋሪ ሰጠው። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ወርጄ አየው ነበር። ፈንታሁን መጀመሪያ ሲያገኘኝ፣ «መምህር፣ ይህ ፈረስ ተማሪ ነበር እንዴ? በትምህርት ቤት በር ሳልፍ ደወሉ ከተደወለ ከነተሳፋሪው ቀጥ ነው የሚል!» አለኝ። ኋላ ላይ ፈንታሁን አመሉን አውቆ መንገዱን ቀየረ። እኔ በኪሴ ገብስ ይዤ እሄዳለሁ። ለስምንት ዓመት በየጊዜው እጄን ሲያሸተኝ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልለውም። በሰባ ሰባት፣ ሰውም የሚበላው ባጣበት ዓመት፣ ስወርድ ጋሪው ብቻ ቆሞ አገኘሁት። ፈንታሁን አላየኝም፤ መሬት መሬት እያየ ነበር። ገብሱን ለእሱ ልጆች ሰጠሁ። ያን ቀን ወደ ደሴ ስመለስ በመኪናው ውስጥ «በቃ፣ ወንድሜ» አልሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ፣ «ምን አልከኝ ልጄ?» አሉኝ።

ኋላ ከሪማ የምትባል ሴት አገባሁ። ደግ ሴት ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ኖርን፤ አላህ ይዘንላት። ስለ ፈረሱ ደጋግሜ አጫውቻት እየሳቀች ሰምታኛለች። ታሪኩን ስነግራት ግን ሜዳው ውስጥ ገብቶ ገብስ የሰጠው ሰው ጋሽ እንድሪስ ነበሩ።

ይኸው በቅደም ተከተል ጻፍሁልሽ። አሁን መልሼ ሳነበው ደግሞ ይህም እንደዚያ ደብተር ሆነብኝ። የሚናገረውን ወረቀት አድርጌ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ስለዚህ የቀረውን አልጽፈውም። የምጽፍልሽ የቀኑን ነገር ብቻ ነው። የፊታችን ቅዳሜ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጀላል ወዳመለከተኝ ቤት እመጣለሁ። ማንንም አላስከትልም፤ ለሽምግልናው ዕድሜ እንደሆነ እኔው ደርሼበታለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ በሩን አትክፈቺ። ቅር አይለኝም ልል ነበር፤ ይለኛል።

ደወሏ አሁንም እኔ ዘንድ ናት፤ ሞላልኝ ከውድድሩ ማግስት መልሶልኛል። ይዣት አልመጣም። በሩንም አላንኳኳም። ደጁ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ፣ ስምሽን እጠራለሁ።

በሺር
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ