ውኃ ብቻ እንድትጠጣ ስለተመደበችው ዶሮ

ከደብረ ማርቆስ ወጣት ተማሪዎች የመድኃኒት ዕፀዋት መርማሪ ማኅበር
ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሞ ማኅበሩ አንድ ጥፋቱን ያምናል። ይህ መግለጫ የተጻፈበት ወረቀት ከርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሳይጠየቅ የተነሣ ነው። ሁለት ሉክ ብቻ ነው፤ ኀፍረታችን ግን የአንድ ደብተር ያህል ነው።

ክብርት ቁጥር አራት ዶሮ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው ማኅበራችን የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለአባላቱ፣ ለመምህራንና ለከተማው ሕዝብ ይገልጻል።

ሟቿ በይጁቤ ከተማ በነጋዴዋ በወይዘሮ ከሪማ ጓሮ ተፈልፍለው ያደጉ ሲሆን፣ አንገታቸው ሥር እባጭ ሲወጣባቸው እንደ እርሳቸው እባጭ ካወጡ አምስት እኅቶቻቸው ጋር ለማኅበራችን ተሰጥተዋል። እንቁላል ስለመጣላቸው ማስረጃ አልተገኘም።

ታኅሣሥ ፲፱፻፷፪፦ የማኅበራችን የክብር አማካሪ መሪጌታ እንዳላማው ለአርባ ዓመት ሕመምተኛ ያከሙበትን ቅጠል አመጡልን። ስሙን ብንጠይቃቸው «ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል» ስላሉ፣ ብልቃጡ ላይ «የማይነገር» ብለን ጻፍን። ጭማቂው የገባበት ቅቤ ስድስት ሳምንት ሳይሸት ቆየ፤ ያልገባበት ግን ክፍሉን አስለቀቀን። መሪጌታም «ቅቤን ያዳነ፣ ካንሰር የምትሉት ነቀርሳ ያቅተዋል?» አሉ። መሪጌታ ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ያረጋገጡልን ራሳቸው ናቸው።

መጋቢት ፲፱፻፷፪፦ የሳይንስ አስተማሪያችን አቶ ፍሥሐ «ቅቤ ሌላ፣ ሥጋ ሌላ» ብለው ፈተናው በዶሮዎቹ ላይ እንዲደረግ አዘዙ። ሦስቱ ጭማቂውን፣ ቁጥር አራትን ጨምሮ ሦስቱ ውኃ ብቻ እንዲጠጡ ተመደቡ። የማጠጣቱ ሥራ ማለዳ ለሚነሡት ለመሪጌታ ተሰጠ፤ እኛ እንቅልፍ እንወዳለን።

ሚያዝያ ፲፱፻፷፪፦ የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጡታቸው ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ለሰኞ ግንቦት ፲ ቀጠራቸው። መሪጌታ ግን «ቢላዋ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ዶሮዎቹ ይጨርሱ» ስላሏቸው፣ ወይዘሮዋ የዶሮዎቹን ፍርድ ይጠብቁ ጀመር። በየቀኑ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «እንዴት አደራችሁ?» ይሏቸው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ማኅበሩ ውጤቱን ሊመዘግብ ተሰበሰበ። ከውኃ ጠጪዎቹ አንዷ ሞተዋል፤ ጭማቂ ጠጪዎቹ ሦስቱም አሉ። ጸሐፊዋ «መድኃኒቱ ሠርቷል» ብላ ጽፋ ልትጨርስ ስትል መሪጌታ ወለሉን በበትራቸው መቱ።

«ተይው ልጄ፣ አትጻፊው።»

«ምነው መሪጌታ?»

«ውኃ ብቻ ጠጥታ አይደለም የሞተችው። እነዚያ ሲታከሙ እነዚህ ሲቀሩ ማየት ሆዴ እምቢ አለኝ። ምን በደሉ? ለሦስቱም ጭማቂውን በየማለዳው እሰጣቸው ነበር። ለእሷማ እባጯ ስለባሰ እጥፍ ነው የሰጠኋት።»

አቶ ፍሥሐ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያ የሞተችው ከሁሉ አብልጣ የጠጣችው ናት?»

«እሷው ናት።»

ይህን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ቢሉ የአርባ ዓመት ስማቸው በእኛ ፊርማ ይጸና ነበር፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ቤታቸው ይቀሩ ነበር። በሽማግሌ ማሾፍ የማኅበራችን የዘወትር ሥራ ቢሆንም፣ ቅዳሜ ዕለት ጉልበታቸውን ስመን ተበተንን።

ፈተናው ፈርሷል። ቅጠሉ ነቀርሳን ይፈውስ አይፈውስ አናውቅም። እጥፍ የጠጡት ማረፋቸውን ግን እናውቃለን።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ከሪማ፣ በሕይወት ላሉት ለአምስቱ እኅቶች፣ እንዲሁም ፈተናውን በርኅራኄ ላፈረሱት ለመሪጌታ እንዳላማው መጽናናትን ይመኛል። ለሟቿ መታሰቢያ ይሆን ዘንድም ማኅበሩ

«ሸምሲያ! አንቺ ሸምሲያ!»

ጸሐፊዋ ከበሩ ላይ ተጠርታለች። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ መሪጌታ ከኋላቸው ዘንቢል ይዘዋል።

«ለዶሮ ሙሾ ታወርጃለሽ? ነይ ዘንቢሉን ተቀበያቸው። ሐኪሙ በሁለት ሰዓት ድረሺ ብሎኛል።»