ከመስኮቴ ሥር ስለቀረችው ሣር

ለክቡር አቶ ራሚዝ ቹሪች
የብሬስኒክ ከተማ የውበትና የአረንጓዴ ስፍራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ብሬስኒክ፣ ቦስኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ዘወትር ለሚታጨደው ሣር ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ግን ማስጠንቀቂያዎ አጥሬ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አላየሁትም።

በመንገድ በኩል ያለው ግቢዬ ሣር ለብሶ መታየት ሲገባው ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ስለተተከለበት፣ ሰኞ ማሽን መጥቶ እንደሚደለድለው፣ ከዚያም ግቢው በሙሉ ከመስኮቴ ሥር እንደቀረችው ሣር እንዲሆን መታዘዙን አንብቤያለሁ። ለአንዲት መበለት ግቢ ይህን ያህል መጨነቅዎን ሳይ፣ ቧንቧችን ውኃ ያቆመ ሰሞን የት ነበሩ ብዬ መጠየቁን ነውር አድርጌ ተውሁት። ቅሬታዬን ግን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ቲማቲሜ የከተማዋን ገጽታ አበላሽቷል መባሉ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ግድግዳው እስከ ዛሬ በጥይት እንደተበሳሳ ነው። እንግዳ ሰው ከዚያ ግድግዳና ለበረዶው ወራት ድልህ ከማደርገው ቃሪያ የትኛውን አይቶ እንደሚደነግጥ ቢያስመረምሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ የላኩልኝ ተቆጣጣሪ ኤልቪር። እጅግ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እንጆሪዬ ላይ ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። ጎመኑንና የፕሪም ችግኞቹን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ፣ ከመስኮቴ ሥር ሲደርስ ፊቱ በራ። እዚያ ሰው የሚያስተኛ ያህል ቦታ ሣር ትቻለሁ። «እንዲህ ነው እንጂ እማማ! እንዲህ የለመለመ ሣር በከተማው አላየሁም፤ ምን አድርገውበት ነው?» አለኝ። መልሱን ትቼ ከጫማው የተረፈውን እንጆሪ አስይዤ ስለሸኘሁት ይቅርታ ያድርግልኝ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ለልጁ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ከተማችን ተከባ ሳለች መቃብር ቦታው ከኮረብታው ይተኮስበት ነበር፤ ይህን ክቡርነትዎም ያውቁታል፣ ያኔ እዚህ ከነበሩ ማለቴ ነው። ወንድሜ ሴይዶ ምግብ አጥተን በተከልነው ሽንኩርት መካከል ሲኮተኩት የመድፍ ፍንጣሪ መትቶ ገደለው። መኮትኮቻውን ከእጁ ማላቀቅ አቅቶን ነበር። ጎረቤታችን ዚኔታ ነጭ መጋረጃዋን አወረደችልን፤ እናቴና እኔ በመጋረጃው ከፍነን ከመስኮቱ ሥር ቀበርነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ በየግቢው የተቀበሩትን እያነሡ ወደ መቃብር ቦታ የሚወስዱ ሰዎች መጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኛ ቤት የተቀበረ የለም» አለቻቸው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በሕይወቷ የዋሸችው ያንን ብቻ ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞራ፣ «ልጄ ከቤቱ አይወጣም» አለችኝ። ቦታው እንዳይለይባት ግቢውን በሙሉ ሣር ዘራችበት፤ እስክትሞትም ስሙን አላነሣችም። ጽሕፈት ቤትዎ የውብ ግቢ ሽልማት የሰጣት ለዚያ ሣር ነው። ሽልማቱን ተቀብላ ሣሩን በመዳፏ ስትዳብስ ከደስታ የመሰላችሁ ብዙ ነበራችሁ፤ እግዜር ይስጥልን።

እኔ ሴይዶ የት እንደተኛ እያወቅሁ የሣር ማጨጃ እየገፋሁ በላዩ ስመላለስ ኖርሁ። ሲመሻሽ ከግቢው የመኮትኮቻ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። አብጃለሁ ብዬ ለዚኔታ ብነግራት፣ እሷም ስትሰማ ኖራለች። «አንቺ ሻሂዛ፣ ልጁ ሥራውን አልጨረሰም እኮ» አለችኝ።

እናቴን ባለፈው ዓመት ቀበርሁ። በረዶው ሲቀልጥ ሣሩን ገለበጥሁት፤ እሱ ካረፈበት በቀር ሁሉንም ቆፍሬ መጀመሪያ ሽንኩርት ተከልሁ። ድምፁ ጠፋ። ከስንት ዘመን በኋላ መስኮቴን ከፍቼ ተኛሁ። ማስጠንቀቂያዎ በተለጠፈ ማግሥት ግን እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ይህን ስጽፍልዎ እየኮተኮተ ነው፣ የቸኮለም ይመስለኛል። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ እሱን ግን አይደለም የምፈራው።

ስለዚህ የእናቴን ውሸት በአደባባይ አፍርሼ እለምንዎታለሁ፤ ሰኞ ማሽኑን ከላኩ፣ ነጂው ከመስኮቱ ሥር ያለው ማን እንደሆነ ከእርስዎ አፍ ሰምቶ ይምጣ።

ለውበት ያለዎትን ፍቅር ከልብ እያደነቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣዎ፣

የእናቷን ሣር የገለበጠችው፣
ሻሂዛ ሙይኪች

ማሳሰቢያ፦ ግቢው በሙሉ እንደዚያች ሣር ይሁን ብለው ያዘዙትን ለመፈጸም ባለመቻሌ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። የነበረኝ ወንድም አንድ ብቻ ነው።